ስትሪምላይት ቲ.ኤል.አር-7ኤ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ ስለ ሽጉጥ መብራት ምርጫ

በሰሜን ቨርጂኒያ በምንኖርበት ታውንሀውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ባለ ፎቅ ቤት) የሚገባና የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። ባለቤቴ የሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ናት፤ አብሮን የሚኖረው ወንድሟ ታክሲ ነድቶ የሚመለሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ እንግዳም የሚጠፋበት ሳምንት የለም። በእንዲህ ያለ ቤት ሽጉጥ ለማስቀመጥ የወሰነ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ጨለማ ውስጥ የቆመው ማን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ነው፤ ማንነቱን ባላወቁት ሰው ላይ ቃታ መሳብ በሕግም በኅሊናም የሚያስጠይቅ ነውና። በግሎክ 19 ሽጉጤ ላይ የገጠምሁትን ስትሪምላይት ቲ.ኤል.አር-7ኤ ለወራት የመዘንሁት በዚሁ ሚዛን ነው።

መብራቱ 500 ሉመንና 5,000 ካንዴላ አለው፤ ክብደቱ 68 ግራም ያህል ሲሆን በአንድ ሲ.አር.123ኤ የባትሪ ድንጋይ አንድ ሰዓት ተኩል ይሠራል። ገዢዎች ብዙውን ጊዜ የሚወዳደሩት በሉመን ነው፤ ነገር ግን ሉመን ከመብራቱ የሚወጣውን ብርሃን ጠቅላላ መጠን ብቻ የሚናገር ሲሆን፣ ያ ብርሃን ምን ያህል ተሰብስቦ ወደ ፊት እንደሚወረወር የሚናገረው ካንዴላ ነው። የሹርፋየር ኩባንያ ሁለት ምርቶች ልዩነቱን በግልጽ ያሳያሉ፦ ኤክስ300 አልትራ 1,000 ሉመንና 11,300 ካንዴላ ሲኖረው፣ ኤክስ300 ቱርቦ ሉመኑ ወደ 650 ወርዶ ካንዴላው 66,000 ደርሷል። በሉመን የሚያንሰው ቱርቦ እጅግ ርቆ ያበራል ማለት ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት ብርሃኑ የሚፈለገው በስንት ሜትር ርቀት ላይ እንደሆነ ነው።

የእኛ ቤት ረጅሙ ርቀት ከመኝታ ክፍሉ በር እስከ ደረጃው ግርጌ ያለው ሲሆን እሱም አሥር ሜትር አይሞላም፤ ግድግዳው በሙሉ ነጭ ነው። ጥይቱን አውጥቼ፣ ባዶነቱን ደግሜ አረጋግጬ፣ መብራት በጠፋበት ቤት ብቻዬን ስሞክረው ከሁሉ የጠቀመኝ አፈሙዙን ወደ ወለሉ አዘቅዝቆ ማብራት ነበር። ብርሃኑ ወለሉ ላይ ያርፍና ወደ ግድግዳውና ወደ ኮርኒሱ ተመልሶ ኮሪደሩን ሁሉ ያዳርሰዋል፤ በደረጃው ራስ ላይ የሰቀልሁት ካፖርት ከነቀለሙ፣ ከነአዝራሩ ይታያል። በዚህ ርቀት የሰውን ፊት ለመለየትም ሆነ በእጁ የያዘው ስልክ ይሁን ሌላ ነገር ለማወቅ አፈሙዙን ወደ እሱ ማቅናት አያስፈልግም ማለት ነው። ይህን ማድረግ የማያስችል መብራት፣ ቁጥሩ ምንም ያህል ቢገዝፍ፣ ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ሊገጠም አይገባውም እላለሁ። አንድ ወዳጄ ያዋሰኝን ባለ 1,000 ሉመን መብራት በዚያው ኮሪደር ስሞክር ወለሉ ላይ ሲያርፍ መልካም ነበር፤ ነጩ ግድግዳና የኮሪደሩ መስታወት ላይ ሲያርፍ ግን ተመልሶ የገዛ ዓይኔን አጭበረበረው።

ይህም ሆኖ የእጅ ባትሪን የሚተካ የሽጉጥ መብራት የለም። ኮሽታ የሰማ ሁሉ ሽጉጡን እንደ ፋኖስ ይዞ ቤቱን ከዞረ አንድ ቀን በገዛ ልጁ ላይ አፈሙዝ ማቅናቱ አይቀርም። እኛ ቤት ኮሽታ የሚጣራው በእጅ ባትሪና በድምፅ ነው፤ ሽጉጡ ከነመብራቱ በቁልፍ ሣጥኑ ውስጥ ይቆያል።

ከቤት ውጭ የመብራቱ አቅም ውሱን ነው። ከጀርባችን ባለው የመኪና ማቆሚያ የመንገድ መብራት ስለሚበዛ 5,000 ካንዴላ ያንን ጥሶ ማለፍ ይከብደዋል፤ በጥቁር የመኪና መስታወት ውስጥ የተቀመጠን ሰው አያሳይም። አምራቹ የሚጠቅሰው 140 ሜትር በመለኪያ ደረጃ የተሰላ ርቀት ነው፤ ሰውን ለይቶ ለማወቅ የሚያበቃ ብርሃን ከዚያ እጅግ ባነሰ ርቀት ላይ ያልቃል።

ስለ ማብሪያው ብዙ ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም በጭንቅ ሰዓት ጣት ያላገኘው መብራት እንዳልተገዛ ይቆጠራል። ቲ.ኤል.አር-7ኤ ከኋላው በግራና በቀኝ በአውራ ጣት የሚጫኑ ማብሪያዎች ያሉት ሲሆን፣ ከፍ ብለውና ዝቅ ብለው የተሠሩ ሁለት ዓይነት መቀያየሪያዎች አብረውት ይመጣሉ። ዝቅተኛውን ከገጠምሁ በኋላ የግራ አውራ ጣቴ ሽጉጡን ጨብጦ ሳለ ያለ ፍለጋ ያርፍበታል፤ እጇ ከእኔ የሚያንሰው ባለቤቴም የመረጠችው ይህንኑ ነው። ነካ አድርገው ሲለቁት በርቶ ይቆያል፤ ተጭነው ሲይዙት እስኪለቁት ድረስ ብቻ ይበራል። ቃታ የሚስበው ጣት በማብሪያው ሥራ ውስጥ ፈጽሞ ሊገባ አይገባውም፤ በማንኛውም መብራት ላይ ይህን ያላረጋገጠ ሰው ባይገዛው ይሻላል። ሁለት ጊዜ በፍጥነት ሲጫኑት የሚመጣውን ብልጭ ድርግም ባይ ብርሃን በመጀመሪያው ሳምንት ዘግቼዋለሁ፤ ሰውን ለመለየት የረጋ ብርሃን ያስፈልጋልና።

በግሎክ 19 ላይ የመብራቱ መስታወት ከአፈሙዙ ጫፍ ጋር እኩል ስለሚሆን ከተኩስ ልምምድ በኋላ በጥላሸት ይሸፈናል። አስቀድሞ ቫዝሊን በስሱ ቀብቶ ሲመለሱ በጨርቅ መጥረግ ጥላሸቱን ያለ ፍትጊያ ያነሣዋል፤ የደረቀውን ደግሞ የእርሳስ ላጲስ ያስለቅቀዋል። ድንጋዩን መቀየር የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የፊት ክዳኑ የሚፈታው ከአፈሙዙ አጠገብ ስለሆነ እጅ በአፈሙዙ ፊት ያልፋል፤ ስለዚህ ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ሳይረጋገጥ ክዳኑን መንካት አይገባም።

ከዚህ በፊት የነበረኝ ርካሽ መብራት በተኩስ ንዝረት ብሎኑ እየላላ ከሬሉ (ከአፈሙዙ ሥር መብራት ከሚገጠምበት ሐዲድ) ላይ ይንቀሳቀስ ነበር። ይህኛው ከመጣበት ሳጥን ውስጥ ለሽጉጡ የሚስማማው የሬል ቁልፍ (መብራቱን ከሬሉ ጋር የሚያገጣጥመው ትንሽ ማያያዣ) ተመርጦ ከገባለትና በካቻቢቴ ከጠበቀ በኋላ ንቅንቅ አላለም።

ብዙ ገዢ የሚዘነጋው ማኅደሩን፣ ማለትም ሽጉጡ ወገብ ላይ የሚታጠቅበትን አፎት ነው። ለሽጉጡ ብቻ የተሠራ ማኅደር መብራት የተገጠመበትን ሽጉጥ አያስገባም፤ ካይዴክስ ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠሩት አብዛኞቹ ማኅደሮች ደግሞ ሽጉጡን የሚይዙት በመብራቱ ቅርጽ በመሆኑ፣ መብራት የቀየረ ማኅደርም ይቀይራል። ለቲ.ኤል.አር-7ኤ የሚሠሩ ማኅደሮች በገበያው በብዛት መኖራቸው ከምርጫዬ ምክንያቶች አንዱ ነበር። ቁልፍ ሣጥኑም መለካት አለበት፤ መብራት ያለው ሽጉጥ የሚወስደው ቦታ ሰፋ ይላል።

ግቢው ሰፊ ለሆነና ከከተማ ወጣ ብሎ ለሚኖር ሰው ይህን መብራት አልመክርም። ለእሱ 20,000 ካንዴላ ያለው ቲ.ኤል.አር-1 ኤች.ኤል፣ ወይም በትንሽ አካሉ 1,000 ሉመንና 22,000 ካንዴላ የሚሰጠው ቲ.ኤል.አር-7 ኤች.ኤል-ኤክስ የተሻለ ነው፤ የመጀመሪያው ሁለት ድንጋይ የሚወስድና ከ120 ግራም በላይ የሚመዝን መሆኑን ግን ማወቅ ያስፈልገዋል። በአፓርታማ ወይም በታውንሀውስ ለሚኖርና ሽጉጡን በየቀኑ ለሚታጠቅ ሰው 68 ግራሙ ቲ.ኤል.አር-7ኤ በቂ ነው፤ እኔም ልለውጠው አላሰብሁም።