ልምምድ፣ ሳይንስና ማጠናከሪያ በአንድ ሳምንት፦ ልጄ የምትማርበት የደሴ ማዕከል

በደሴ ከተማ ከመደበኛው ትምህርት ውጭ ተማሪዎችን ሩጫ የሚያሠለጥን፣ የሳይንስ ፕሮጀክት የሚያሠራ፣ የሂሳብና የኮምፒውተር ማጠናከሪያ የሚሰጥ አንድ የግል ማዕከል አለ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ትከታተልበታለች። እዚያ ለማስመዝገብ የሚያስቡ ወላጆች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን በዝርዝር አሰፍራለሁ። የማዕከሉን ስም ያልጠቀስሁት ቅሬታዬን ለኃላፊዎቹ በአካል አቅርቤ መልሳቸውን እየጠበቅሁ ስለሆነ ነው።

ሳምንቱ ሰኞ በሂሳብ ይጀምራል። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ቅዳሜ ደግሞ ጠዋት ላይ፣ ሩጫ አለ፤ ረቡዕ የፕሮጀክት ቀን ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ ሐሙስ ከልምምዱ በኋላ ይሰጣል። የሂሳቡም ሆነ የኮምፒውተሩ ማጠናከሪያ ደህና ነው፤ ሆኖም ሌላ ቦታ ከሚሰጠው የተለየ ነገር አላየሁበትም። ማዕከሉን ከሌሎች የሚለየው ስፖርቱና ሳይንሱ የሚገናኙበት መንገድ ነው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። አሠልጣኙ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ከቆላ አካባቢ የመጡ አዳዲስ ልጆችን ወዲያው ወደ ፈጣን ሩጫ አያስገባም፤ ለሳምንታት በዝግታ ያስሮጣቸዋል። ልጆቹ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ ከልምምድ በፊትና ከልምምድ በኋላ የእጃቸውን የደም ሥር ዳስሰው የልብ ምታቸውን ለ15 ሰከንድ ይቆጥሩና በአራት አባዝተው በደብተር ይጽፋሉ። ያው ደብተር ረቡዕ ወደ ሳይንስ ክፍል ይገባል፤ መምህርቷ በቁጥሮቹ ግራፍ ታሠራቸዋለች። ልጄ ግራፍ ማንበብን በእውነት የተማረችው በራሷ የልብ ምት ነው።

ከፕሮጀክቶቹ ሁሉ እጅግ የወደድሁት ስለ ውሃ መፍላት የተሠራው ነው። ንፍሮ በደሴ ከኮምቦልቻ ይልቅ ለምን ዘግይቶ ይበስላል የሚል ጥያቄ ከልጆቹ ተነሣ። መምህርቷ መልሱን ከመናገር ይልቅ ቴርሞሜትር ሰጠቻቸው። የመጀመሪያው ልኬት ከተጠበቀው በላይ ሆነባቸውና ተከፉ፤ እርሷ ግን «አብሽሩ፣ ቴርሞሜትሩ የት እንደነበረ አስታውሱ» አለቻቸው። መሣሪያው የድስቱን ቂጥ ነክቶ ኖሮ፣ የለኩት የውሃውን ሳይሆን የጋለውን ብረት ሙቀት እንደነበር ራሳቸው ደረሱበት። በሁለተኛው ልኬት ውሃው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ፈላ። ከዚያም ከአንድ ወላጅ ጋር የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደው፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ በምትገኘው ኮምቦልቻ ያንኑ ደገሙት፤ እዚያ 94 ገደማ ሆነ። የመፍያ ነጥቡ በየ300 ሜትር ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ከመጽሐፍ ያነበቡት ከገዛ ልኬታቸው በኋላ ነበር። ቅደም ተከተሉ እንዲህ መሆኑን ከሁሉ አስበልጬ አደንቃለሁ፤ በየትምህርት ቤታችን አብዛኛውን ጊዜ ደንቡ ተሸምድዶ ሙከራው ይቀራልና።

ሌላም ሊጠቀስ የሚገባው ነገር አለ። ዓርብ ከሰዓትና እሑድ ጠዋት ምንም ፕሮግራም የለም፤ የጁምዓና የቅዳሴ ሰዓት ይከበራል። በረመዳን ለሚጾሙ ልጆች ልምምዱ ይቀልላቸዋል፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ከልምምድ በኋላ የሚታደለው ቁርስ በሶና ቆሎ ነው። በወሎ ለሚያገለግል ተቋም ይህ ተገቢ ነው፤ ቢሆንም ሁሉም አያደርገውም።

ዋናው ጉድለት የሐሙስ ቀን ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሩጫ፣ ከሩጫ ወደ ኮምፒውተር ትሄዳለች፤ ከመሸ ቤት ትደርስና የቤት ሥራዋን ይዛ እስከ አምስት ሰዓት ትቆያለች። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች የሚመክረው የአካል እንቅስቃሴ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ነው፤ ማዕከሉም በዚህ ረገድ አያንስም። የሚያንሰው እንቅልፉ ነው፤ ከ13 ዓመት ጀምሮ ያሉ ታዳጊዎች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባቸዋል። ይህን ስል በግምት ብቻ አይደለም፤ በራሷ ደብተር ላይ የዓርብ ጠዋት የልብ ምቷ ከሌሎቹ ቀናት ከፍ ብሎ ይታያል፤ ይህም ሰውነት በቂ ዕረፍት ላለማግኘቱ የታወቀ ምልክት ነው። ልጆቹን ይህን እንዲመዘግቡ ያስተማረ ተቋም መዝገቡን ለራሱ የጊዜ ሰሌዳም ሊጠቀምበት ይገባል። ለኃላፊዎቹ ያቀረብሁት ሐሳብ ኮምፒውተሩ ወደ ቅዳሜ ከሰዓት እንዲዛወር ነው።

ክፍያው በደሴ ኑሮ ቀላል አይባልም፤ ግን በየዘርፉ ለየብቻው ስለሚከፈል ሁሉንም መውሰድ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ አዲስ የሚያስመዘግቡ ወላጆች በሩጫውና በሳይንሱ ብቻ ቢጀምሩ፣ ማጠናከሪያውንም ልጁ ከሚያስፈልገው በቀር ባይጨምሩ መልካም ነው፤ የረቡዑ ክፍል ቶሎ ስለሚሞላ ምዝገባው ትምህርት ሳይከፈት መጠናቀቅ አለበት።