ኮሮላዬን ከመንቀጥቀጥ የገላገላት የወንጂ መውጫው ጋራዥ

አዳማ ለምትነዱ ሰዎች ይሄን ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። የኔ ኮሮላ 2005 ሞዴል ነች፣ ሁለት ወር ሙሉ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትረገጥ ሞተሯ ሲሰራ፣ እየተንቀጠቀጠች መሪው እጄ ላይ ይርገበገባል፣ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ስወጣ ደግሞ ከሞጆ በኋላ ብረግጣት ብረግጣት ጉልበት የላትም፣ የሞተር ችግር የሚያሳየው የቼክ ኢንጅን መብራትም በርቷል። መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ፣ ስሙን ልተወው፣ አራቱንም ካንዴላ ቀየሩ፣ ያው ናት። ኮይል ነው አሉ፣ ተገዛ፣ አሁንም ያው። የነዳጅ ፓምፕ ከሶማሌ ተራ አምጣ ሲሉኝ ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

ጎረቤቴ ነው ይቺን ወደ ወንጂ መውጫ ያለች ሶስት መኪና ብቻ የምትይዝ ጋራዥ የጠቆመኝ። መካኒኩ ልጅ ምንም ሳይፈታ መመርመሪያ ኮምፒውተር ሰካ፣ ፒ 0171 የሚል ኮድ መጣ፣ ከአየሩ ጋር ሲተያይ ነዳጁ አንሷል ማለት ነው። ስክሪኑን ወደኔ አዙሮ "ጋሼ ይዩት፣ ሚኒሞ ላይ የመኪናው ኮምፒውተር 9 ፐርሰንት ነዳጅ እየጨመረ ነው፣ አሁን ሞተሩን በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ልያዘው" ብሎ ሲረግጥ 23 ፐርሰንት ገባ። "አየር የሚስብ ቀዳዳ ቢሆን ሚኒሞ ላይ ብሶ ሲረገጥ ይቀንስ ነበር፣ የእርስዎ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ፓምፕም ሊሆን ይችላል፣ ግን ሳይገዛ የሚታየውን እናስቀድም" አለኝ። ሁለት ወር ስመላለስ እንዲህ ብሎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ከአየር ማጣሪያው፣ ከፊልትሮው፣ ቀፎ አጠገብ ያለውን የሚገባውን አየር የሚለካ ኤርፍሎው ሴንሰር ሶኬቱን ነቅሎ ሁለት ብሎን በካቻቢቴ ፈታና አወጣው። ውስጡ ያለችው ሽቦ እንደ ፀጉር ቀጭን ናት፣ ግራጫ አቧራ እንደ ጥጥ ተጠምጥሞባታል። ሽቦዋ በኤሌክትሪክ ትግላለች፣ የሚገባው አየር ያበርዳታል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ግለቷን ለመጠበቅ ስንት ኤሌክትሪክ እንደወሰደች አይቶ የአየሩን መጠን ያውቃል፣ አቧራ ሲለብሳት ግን አየሩ በደንብ ስለማይነካት ትንሽ አየር ነው የገባው ብላ ትናገራለች፣ ነዳጁም በዛው ልክ ይቀነሳል።

ለሴንሰሩ ብቻ የተሰራውን ማጽጃ ስፕሬይ ራቅ አድርጎ ነፋባት፣ በጣትም በጨርቅም አልነካትም፣ ኮምፕሬሰርም አላስጠጋባትም፣ 15 ደቂቃ እንድትደርቅ ተዋት። የካርቡሬተር ማጽጃ አይሆንም ወይ ብዬ ስጠይቅ ሴንሰሩን ሊያበላሸው ይችላል አለ።

የገረመኝ ግን ፊልትሮው ነው። የድሮዎቹ መካኒኮች በየሰርቪሱ በኮምፕሬሰር እየነፉ ይመልሱልኝ ነበር፣ ልጁ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ሲያሳየኝ ወረቀቱ ላይ ሁለት ቦታ ብርሃን እንደ መርፌ ቀዳዳ ሾልኮ ይታያል። በአዳማ ንፋስና አቧራ በዚህ ነዳሁ! አዲስ ፊልትሮ ገባ፣ ኮዱን አጥፍቶ አብረን ነድተን ተመለስን፣ 2500 ላይ 4 ፐርሰንት፣ ሚኒሞውም ጸጥ አለ።

ምርመራውም ጽዳቱም 900 ብር ነው የከፈልኩት፣ ፊልትሮውን ለብቻ ገዛሁ፣ ለተቀየረው ኮይል ካወጣሁት ጋር ሲተያይ ምንም ማለት አይደለም። አሮጌውንም ፊልትሮ እጄ ላይ ሰጠኝ። ቅዳሜ ወረፋ አለው፣ መጠበቂያው ጥላ የለውም፣ በስራ ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ብትደርሱ ይሻላል።