የስፒከር ሳጥን ቀዳዳ፦ በጂግሶው ወይስ በራውተር?

የስፒከር ሳጥን ሲሠራ ጣውላውን ማገጣጠም ብዙ አያስቸግርም፤ ጉዱ ያለው ክቡ ቀዳዳ ላይ ነው። ጂግሶው (ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ) ካላችሁ ክቡን በኮምፓስ ሣሉ፣ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ በድሪል ብሱ፣ ከዚያ ምላጩን አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ ዙሩ። ችግሩ ምላጩ ኩርባ ላይ ይጣመማል፤ ከላይ መስመሩን ጠብቃችሁ የቆረጣችሁት ከታች ሌላ ቅርጽ ይዞ ይጠብቃችኋል። ግን የስፒከሩ ጠርዝ ስለሚሸፍነው ትንሽ መንሻፈፍ አይታይም። ለአንድ ሁለት ቀዳዳ ይበቃል።

ራውተር (የኢንተርኔቱ አይደለም፣ በሚሽከረከር ስለት እንጨት የሚቦረቡረው ማሽን!) ሌላ ዓለም ነው። ማሽኑን ቀጭን ጣውላ ላይ ታስሩታላችሁ፣ ጣውላውን የክቡ መሃል ላይ በፒን ትተክሉና ዙሪያውን ታዞሩታላችሁ። ክቡ ልክክ ያለ ይሆናል። በአንዴ ግን አትቁረጡት፤ 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ጭረት ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ከሆነ በየዙሩ 5 ሚሊሜትር ገደማ ዝቅ እያደረጋችሁ ሂዱ። ስፒከሩ ከሳጥኑ ፊት ጋር እኩል እንዲቀመጥ ካማራችሁ መጀመሪያ ሰፊውንና ጥልቀት የሌለውን ዙር፣ ቀጥሎ የውስጡን ቀዳዳ ቁረጡ፤ ከገለበጣችሁት ፒኑ የሚተከልበት መሃል ወድቆ ይቀራል፣ እኔም አንድ ሰሌዳ ያበላሸሁት በዚሁ ነው። አቧራውስ? ክፍሉ ጭጋግ የወረደበት ነው የሚመስለው። ያለ ማስክ አትሞክሩት።