ለፒክአፕ ተጨማሪ ሰልባቲዮ፦ ቀዳዳ ያለው ክዳን ወይስ ቱቦ?

ከባሕር ዳር ወደ መተማ ቆላ የሚወርድ ፒክአፕ ኋላው ላይ ተጨማሪ ሰልባቲዮ (የነዳጅ ታንክ) ቢጭን አይገርምም። ግን ሰልባቲዮው በየት በኩል ይተንፍስ፣ ማለትም አየር ያስገባና ያስወጣ?

ቀላሉ ቀዳዳ ያለው ክዳን ነው። ርካሽ ነው፤ ገዝቶ መግጠም ብቻ። ለናፍጣና ለአስፋልት ያስኬዳል። ኮረኮንች ላይ ግን ጉዱ ይወጣል። ናፍጣው በክዳኑ እየተረጨ አቧራ ይለጠፍበታል፤ አጠገቡ የተጫነው የጤፍ ጆንያም ይሸታል። ክረምት ላይ ደግሞ የጣና ዳር ዝናብ አለ፤ ውሃ ገባ ማለት ሌላ ጣጣ ነው።

ሁለተኛው ከሰልባቲዮው አናት የሚነሳ ቱቦ ነው። የውሃ ጎማ አይሆንም፣ ነዳጅ ይበላዋል። ለነዳጅ የተሠራው ከፍ ብሎ ይታጠፍና አፉን ወደ ታች አድርጎ ከጭነቱ ውጭ፣ ከጭስ ማውጫው ርቆ ይውጣ። መኪናው ቢገለበጥ የሚዘጋ ቫልቭ ካለው እሰየው። ወጪው ከበድ ቢልም እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው። ለቤንዚንማ ምን ምርጫ አለ? ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ሸራ ሥር ይተኛል፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ጨርሶ መድፈን ግን አይሞከርም። ነዳጁ ሲሳብ አየር ካልገባ ሰልባቲዮው ወደ ውስጥ ሊጨማደድ ይችላል። ደግሞም የ100 ሊትር ናፍጣ ሙቀት በ20 ዲግሪ ሲጨምር መጠኑ 1.6 ሊትር ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በየትኛውም ቢሆን እስከ አፍ አይሞላ።