ደሴ ፒያሳ ያለችው የአሮጌ መጽሐፍ ሱቅ እና ሽፋን የሌለው የግሪኮች መጽሐፍ

ስለዚች ሱቅ እጽፋለሁ እጽፋለሁ እያልኩ ሦስት ወር አለፈኝ። ደሴ ፒያሳ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ነው ያለችው፣ ታፔላ የላትም፣ ከውጪ ስታዩዋት ደብተርና እስክሪፕቶ የሚሸጥባት ትመስላለች፣ ውስጧ ግን ከወለል እስከ ጣሪያ ያገለገለ መጽሐፍ ነው። ይሸጣሉ፣ ያከራያሉም። ኪራዩ በቀን 15 ብር፣ ማስያዣው እንደ መጽሐፉ ከ200 እስከ 500 ብር፣ በቴሌብርም ይቀበላሉ። እሁድ ዝግ ነው፣ አርብም ለጁምዓ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ይዘጋሉ ስለዚ በዛ ሰዓት ሄዳችሁ በባዶ እንዳትመለሱ።

ባለቤቱ እድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱ አይታይም ነበር፣ ምን እንደምፈልግ እንኳን ሳይጠይቁኝ "ቁጭ በይ ልጄ፣ ብርዱ ይለፍልሽ" ብለው በርጩማ ሰጡኝ። ስዕል የበዛበት ነገር እፈልጋለሁ ስላቸው ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጎትተው አወጡ፣ ሽፋኑ የለም፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ተቀደዋል፣ ርዕሱም ጸሐፊውም አይታወቅም፣ ስለ ጥንት ግሪኮች ጥበብ ነው። እኔ ስለ ግሪክ የማውቀው ትምህርት ቤት የተማርናትን አቴንስና ስፓርታ ብቻ ስለነበር ለአንድ ቀን ብዬ ወሰድኩት፣ ሁለት ሳምንት አቆየሁት።

መጀመሪያ የያዘኝ የሸክላዎቹ ክፍል ነው። ኤክሴኪያስ የሚባል ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት 530ዎቹ አካባቢ የሠራው ማሰሮ አለ፣ አሁን ቫቲካን ሙዚየም ነው ያለው፣ ላዩ ላይ አኪሌስና አያክስ የሚባሉት የትሮይ ጦርነት ጀግኖች ጦራቸውን እንደያዙ ጎንበስ ብለው ጨዋታ ይጫወታሉ፣ አንዱ "አራት" ሌላው "ሦስት" ሲል ከአፋቸው ስር ተጽፏል። በቃ ገበጣ የሚጫወቱ ሁለት የኛ ሰፈር ሰዎች ነው የመሰሉኝ። ጥቁሩ ቀለም ደግሞ ቀለም አይደለም እኮ፣ ብረት ያለበት የላመ የሸክላ ጭቃ ነው። መጀመሪያ ምድጃው አየር እያገኘ ሲነድ ሁሉም ይቀላል፣ ቀጥሎ አየሩን ዘግተው እርጥብ እንጨት ሲጨምሩበት በጭሱ ሁሉም ይጠቁራል፣ መጨረሻ ላይ አየሩን መልሰው ሲከፍቱት ገላው እንደገና ይቀላል፣ የተቀባው ቦታ ግን እንደ መስታወት ስለተዘጋ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ይሄን ያነበብኩ ሳምንት ሰኞ ገበያ ወርጄ ጀበና የሚሸጡትን ሴቶች እሳቱን እንዴት እንደሚያደርጉት ስጠይቅ ዋልኩ።

ኤክሴኪያስ ማሰሮው ላይ "ኤክሴኪያስ ሳለኝ፣ ሠራኝም" ብሎ ጽፎበታል። ይሄ ነገር ልቤን ነካው። እነሱም ዘንድ በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን የሚንቁ መኳንንት ነበሩ፣ ቢሆንም ሰውየው ስሙን ጻፈ፣ ይኸው 2500 ዓመት አልፎት ደሴ ላይ አነበብኩት። እኛ ጋ ሸክላ የምትሠራ ሴት ስሟን ልትጽፍ ቀርቶ ቡዳ እየተባለች ነው የኖረችው፣ በጀበናዋ ቡና እየጠጣን። ስለዚ ነገር ሳስብ አሁንም ያመኛል።

መጽሐፉን ላራዝም ስመለስ ጋሼ እስከየት እንደደረስኩ ጠየቁኝና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ እያሳዩኝ "ይሄን ቁጥር ከየት ያመጣነው መሰለሽ?" አሉኝ። ፩ ከአልፋ፣ ፪ ከቤታ፣ ፫ ከጋማ፣ ፬ ከዴልታ የመጣ ነው፣ ግሪኮች ፊደላቸውን ለቁጥርም ይጠቀሙበት ስለነበር አክሱማውያን እሱን ወስደው በራሳቸው እጅ አሳመሩት፣ እስከ ፻ ድረስ እንደዛ ነው። የአክሱም ነገሥታት እኮ ሳንቲማቸው ላይ በግሪክኛ ያስጽፉ ነበር፣ የኢዛና ድንጋይም አንዱ ጽሑፉ ግሪክኛ ነው። ጋሼ ቀጠሉና ጰ ያለበትን ቃል ቁጠሪ አሉኝ፣ ጳጳስ፣ ጴጥሮስ፣ ጠረጴዛ፣ ኢትዮጵያ፣ ብዙው በግሪክ በኩል የመጣ ነው። ጠረጴዛ በነሱ ቋንቋ አራት እግር ያለው ማለት ነው፣ ገንዘብ መንዛሪዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ስለሚሠሩ ዛሬ ግሪክ ውስጥ ባንክም በዛው ቃል ነው የሚጠራው። ወንጌልም፣ ፈላስፋም፣ ቀኖናም፣ ስንክሳርም ከዛው ነው። ለ15 ብር መጽሐፍ እንዲህ ቆሞ የሚያስተምራችሁ ሻጭ ሌላ ቦታ አላየሁም።

የሙዚቃው ምዕራፍ አጭር ነው ግን ወሎዬ ለሆነ ሰው ትልቅ ነገር አለው። ግሪኮች ሊራ የሚሉት በኤሊ ድንጋይ ላይ ቆዳ ተወጥሮ የሚሠራ መሣሪያ ነበራቸው፣ ስዕሉን ለወንድሜ ሳሳየው "ክራር ነዋ!" አለኝ፣ እሱ ክራር ይመታል፣ አንድ ዓይነት ቤተሰብ መሆናቸውን በአይኑ ነው ያወቀው። ኪታራ የሚሉት ትልቁ መሣሪያቸው ደግሞ ወደ በገና ይጠጋል። ቅኝቶቻቸውም በሕዝብና በአገር ስም ነው የሚጠሩት፣ ዶሪያን፣ ፍሪጂያን፣ ሊዲያን፣ ልክ እኛ ባቲና አምባሰል እንደምንለው። ፈላስፋው ፕላቶ ስለ መልካም መንግሥት በጻፈው ላይ የሐዘን ቅኝቶችን ከከተማው አስወጥቶ ዶሪያንና ፍሪጂያንን ብቻ አስቀርቷል፣ ቅኝት የሰውን ጠባይ ይለውጣል ብለው ከልባቸው ያምኑ ስለነበር ነው። እኔ በዚህ ከፕላቶ ጋር አልስማማም፣ ትዝታ ሰምቶ ያለቀሰ ሰው ደካማ ሲሆን አላየሁም፣ ትዝታን ከደሴ ብታስወጡ ምን ይቀራል።

ከዛ ፓርተኖን የሚባለው የአቴንስ ቤተ መቅደስ አለ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 447 ተጀምሮ 432 ያለቀ፣ ዙሪያውን 46 አምድ ያለው። ፎቶውን ሳየው ላሊበላ ቤተ መድኃኔዓለም ትዝ አለኝ፣ እሱም በአምድ የተከበበ ነው፣ ልዩነቱ እነሱ እብነበረዱን ከታች ወደ ላይ እየካቡ የኛዎቹ ከላይ ወደ ታች እየፈለፈሉ መሥራታቸው ነው። ግን ከሁሉ የያዘኝ ከቅርጻ ቅርጾቹ ፎቶ ስር የተጻፈው ትንሽ ጽሑፍ ነው፣ አንዱ ብሪቲሽ ሙዚየም ይላል፣ ሌላውም ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ቀጥሎም እንደዛው። ሎርድ ኤልጂን የሚባለው ስኮትላንዳዊ ከቤተ መቅደሱ እያስነቀለ ወስዶ በፈረንጆቹ 1816 ለእንግሊዝ መንግሥት በ35 ሺህ ፓውንድ ሸጠው። ያን ገጽ ይዤ ብዙ ቆየሁ፣ ምክንያቱም መቅደላ እዚሁ ወሎ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ያ አምባ በእንግሊዝ ጦር ተዘርፎ ዕቃው በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ሄደ፣ የሙዚየሙ ሰውም ከጦሩ ጋር አብሮ መጥቶ ነበር፣ 11 ታቦት እዛው ብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጧል። ግሪኮችም እኛም መልሱልን ስንል የሚሰጠን መልስ አንድ ነው፣ ሕጉ አይፈቅድም፣ በፈረንጆቹ የ1963ቱ የሙዚየሙ ሕግ። ስለ ግሪኮች ላነብ ገብቼ በሐዘን ከነሱ ጋር አንድ እሆናለሁ ብዬ አልጠበቅኩም።

ወደ ሱቋ ልመለስ። የሚጎድላት አለ። አምፖሉ አንድ ብቻ ስለሆነ ወደ ውስጥ ያሉት መደርደሪያዎች በስልክ መብራት ካልሆነ አይነበቡም፣ አቧራው ለአስም ከባድ ነው፣ መጽሐፉም በዓይነት አልተደረደረም፣ የሕክምና መጽሐፍ ከልብወለድ ጋር ተደባልቋል። ከመውሰዳችሁ በፊት ገጹን ፈትሹ፣ እኔ ሳልፈትሽ ወስጄ ከ140 እስከ 156 ያለው የለም፣ ቲያትራቸውን ሲጀምር ነው የሚቆረጠው፣ በጣም ነው ያናደደኝ። ስመልስ ግን ጋሼ ማስያዣዬን ሳይቆርጡ ሰጡኝ፣ የሦስት ቀን ኪራይም ተዉልኝ።

መግዛት ከፈለጋችሁ 1200 ብር ብለውኛል፣ እኔ ገና እያጠራቀምኩ ነው። በግራ በኩል ታችኛው መደርደሪያ ላይ ነው፣ ሽፋን የሌለውን ግሪክ በሏቸው ያውቁታል። ከዚህ በፊት ተከራይቶት እነዛ ገጾች እጁ ላይ የቀሩ ሰው ካለ እባካችሁ ለጋሼ መልሱላቸው፣ ኮፒ አድርጋችሁም ብታመጡ የኮፒውን እኔ እከፍላለሁ።