የላባ ስሊፒንግ ባግ በባሌ ብርድ፦ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ተጠቅሜበት ያየሁት

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ደጋ ላይ ድንኳን ተክላችሁ የምታድሩ ከሆነ የላባ ስሊፒንግ ባግ፣ ማለትም ውስጡ ገብተን የምንተኛበት በላባ የተሞላ ከረጢት፣ ገንዘቡ አያስቆጭም። ጉዟችሁ ወደ ላንጋኖና ወደ አዋሽ ብቻ ከሆነ ግን አያስፈልጋችሁም። ያንን ገንዘብ ለጥሩ ፍራሽ አውሉት።

የእኔ ዳውን የሚባለው ዓይነት ነው። ውስጡ የዳክዬ ደረት ላይ ያለው ለስላሳ ላባ ነው። ክብደቱ 1.2 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ትከሻ ላይ ሰፋ ብሎ ወደ እግር እየጠበበ ይሄዳል፣ ኮፍያም አለው። ሌብሉ ላይ ኮምፈርት −3፣ ሊሚት −9 ይላል። አሜሪካ የምትኖረው እህቴ ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። እዚያ ከ200 ዶላር በላይ ነው የተገዛው። ከዚያ ወዲህ ባሌ ውስጥ ዲንሾና ሳነቴ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ወንጪ፣ መናገሻ ሱባ እና ላንጋኖ አብሮኝ አድሯል። የአምራቹን ስም ትቼዋለሁ። በተመሳሳይ ቁጥርና በተመሳሳይ አሞላል የተሠራ የሌላ ድርጅት ባግም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ስለ ቁጥሮቹ ግን በደንብ እናውራ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ደህና ስሊፒንግ ባግ ላይ ሦስት ዲግሪ ይጻፋል። ቁጥሩ የሚገኘው በላቦራቶሪ ነው። የሰው ቅርጽ ያለውና ሙቀት የሚያመነጭ አሻንጉሊት ባጉ ውስጥ ይተኛና ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ይለካል። አሻንጉሊቱ ስስ የውስጥ ልብስ ለብሷል፣ ከሥሩም ፍራሽ አለ። ይህንን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። መለኪያው ድሮ የአውሮፓው ኢኤን 13537 ነበር፤ አሁን አይኤስኦ 23537 ሆኗል። ኮምፈርት የሚባለው አንዲት ሴት ዘና ብላ ተዘርግታ የምትተኛበት ዲግሪ ነው። ሊሚት ደግሞ አንድ ወንድ ጉልበቱን አጥፎ፣ ሳይነቃ ሌሊቱን የሚያልፍበት ነው። ሦስተኛው፣ ኤክስትሪም፣ ለእንቅልፍ አይደለም። ሕይወት ለማትረፍ ነው፤ እዚያ ዲግሪ ላይ ሰውነት ከመጠን በላይ የመቀዝቀዝ አደጋ አለ።

ሻጮች በትልቁ የሚጽፉት ብዙ ጊዜ ሊሚቱን ነው። አንዳንዱ ርካሽ ባግ ላይ ደግሞ ኤክስትሪሙ ብቻውን በደማቁ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። "−10" ተብሎ የተሸጠላችሁ ባግ ዜሮ ዲግሪ ላይ ቢያንቀጠቅጣችሁ አይግረማችሁ። ኮምፈርቱን ፈልጉ። ሌብሉ ላይ ኮምፈርት የሚል ቁጥር ጭራሽ ከሌለ እኔ ብሆን አልገዛውም።

አሁን ይህንን ቁጥር ከአገራችን ሌሊት ጋር እናስተያየው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። አዲስ አበባ በ2,300 እና በ2,400 ሜትር ከፍታ አካባቢ ናት። በኅዳር ሌሊት 7 ወይም 8 ዲግሪ ስትሆን ጋቢ ደርበን እናማርራለን። ዲንሾ 3,100 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ 3 ዲግሪ አካባቢ ጠብቁ። የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ እዚያ በስሌት ብቻ ከዜሮ በታች ወርደናል። ስሜን ተራራ ላይ ግጭ ወይም ቸነቅ ብታድሩም ሒሳቡ ያው ነው፣ ሁለቱም ከ3,600 ሜትር አይወርዱም። በዚህ ላይ የበጋ ሰማይ ደመና የለውም። መሬቱ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ይለቀዋል። የክረምት ሌሊት እርጥብ ቢሆንም በደመናው ምክንያት ይህን ያህል አይወርድም። ውርጩና አመዳዩ የሚመጣው ሰማዩ ጥርት ባለበት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። እኛ ደግሞ ለካምፒንግ የምንመርጠው ያንኑ ጊዜ ነው።

ባጉ በእውነት የተፈተነው ሳነቴ ላይ ነው። ቀን ፀሐዩ ፊት ይልጣል። በቲሸርት ሆነን ጅብራው መሀል ስንዞር ዋልን፣ ቀይ ቀበሮም አየን። ጀንበር እንደጠለቀች ግን ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተለወጠ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ጣቴ ቆፈን ይዞት የጫማዬን ክር መፍታት አቃተኝ። ድንኳን ውስጥ ትንሽ ቴርሞሜትር ሰቅዬ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ −6 ያሳይ ነበር። የሃይላንዱ ውሃ ከላይ በረዶ ሠርቷል።

−6 ማለት ከኮምፈርቱ ሦስት ዲግሪ በታች ነው። እኔ ደግሞ ብርድ አልችልም። ሆኖም ተኛሁ፣ ደህና አድርጌ ነው የተኛሁት። በሱፍ ካልሲ፣ በታይትና በሹራብ ሆኜ ኮፍያውን አፍንጫዬ ብቻ እስኪቀር ጠበቅ አደረግኩት። ከአንገት በታች ያለችው ወፍራም የላባ መቀነት ትልቅ ሥራ ትሠራለች። በገመዷ ሳብ ሲያደርጓት የሞቀው አየር በተገላበጡ ቁጥር ሹልክ ብሎ አይወጣም። ባግ ስትመርጡ ይህች ነገር መኖሯን በእጃችሁ ዳብሳችሁ አረጋግጡ። ርካሾቹ ላይ የለችም።

ወደ ንጋት እግሬ በረድ አለኝ እንጂ ሌላው ገላዬ ሞቆ ነው ያደረው። ምክንያቱም ባጉ የተሠራው እስከ 183 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላለው ሰው ነው፤ እኔ ግን 1.65 ነኝ። እግሬ ሥር የሚቀረውን ባዶ ቦታ የሚያሞቀው የለም። አሁን የነገ ልብሴን እዚያ እጠቀጥቀዋለሁ። ቦታውም ይሞላል፣ ጠዋት የምለብሰውም ሞቆ ይጠብቀኛል። አጭር የሆናችሁ ለአጭር ሰው የተሠራውን ልክ ፈልጉ።

ፈረሶቻችንን የመሩልን አባት ማታ ላይ ጩኮ አቀረቡልን። እኔ ደክሞኝ ስለነበር "ይቅርብኝ" አልኩ።

"ብዪ ልጄ" አሉኝ። "ሆድሽ ባዶ ከሆነ በዚህ ላባ ብትጠቀለዪም አትሞቂም።"

ልክ ናቸው። ስሊፒንግ ባግ በራሱ ሙቀት የለውም። ከእኛ የሚወጣውን ነው ይዞ የሚያቆየው። ገብስና ቅቤ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ይነዳል። ከዚያ ወዲህ ደጋ ላይ ጩኮ ወይም በሶ ሳልቀምስ አልተኛም። የፈላ ውሃ በብረት ኮዳ ሞልቶ፣ ክዳኑን ጠብቆ፣ በካልሲ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግም በጣም ይረዳል።

አሁን ወደ ፍራሹ ልመለስ። ላባ የሚያሞቀን በመሀሉ አየር ስለሚይዝ ነው። የእኔ 650 ፊል ፓወር ነው፤ ይህ ማለት 28 ግራሙ ሲነፋ ከ10 ሊትር በላይ ቦታ ይሞላል። ስንተኛበት ግን ከጀርባችን ሥር ያለው ላባ በክብደታችን ይጨፈለቃል፣ አየሩም ይወጣል። ከታች ከመሬት የሚመጣውን ብርድ የሚከለክለው ፍራሹ ብቻ ነው። ለዚህ ነው የላቦራቶሪው አሻንጉሊት እንኳ ያለ ፍራሽ የማይለካው። የፍራሽ መለኪያው አር ቫልዩ ይባላል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል። ታጣፊው ስፖንጅ ብዙውን ጊዜ 2 አካባቢ ነው። ለውርጭ 4 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ደስ የሚለው ነገር ሁለት ፍራሽ ሲደራረብ ቁጥሩ ይደመራል። እኔ ከሥር ስፖንጁን፣ ከላይ የሚነፋውን አድርጌ ነው ሳነቴ የተኛሁት። የዮጋ ምንጣፍ ይዞ ደጋ መውጣት ግን በጭራሽ አይሆንም። ገንዘባችሁ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ መካከለኛ ባግና ጥሩ ፍራሽ ግዙ። ውድ ባግ በመጥፎ ፍራሽ ላይ ዋጋ የለውም።

ወቀሳም አለኝ። የመጀመሪያው ዚፑ ነው። በዚፑ ጎን የሚሄደው ስስ ጨርቅ ከጥርሶቹ መሀል ይገባል። በተለይ ጉልበት አካባቢ ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ይነክሳል። ሌሊት ሽንት ቤት መውጣት ሲያስፈልግ፣ በጨለማ፣ በደነዘዘ ጣት ዚፕ ማስለቀቅ ያበሳጫል። በጉልበት ከሳባችሁት ጨርቁ ይቀደድና ላባው መውጣት ይጀምራል። መላው እንዲህ ነው፦ በአንድ እጅ ጨርቁን ከውስጥ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋችሁ፣ በሌላው ቀስ እያላችሁ መሳብ። በዚያ ዋጋ የተሸጠ ዕቃ ግን ጨርቁን የሚከላከል ጠንከር ያለ ጥብጣብ ሊኖረው ይገባ ነበር።

ሁለተኛው ጥበቱ ነው። በጎን ለሚተኛ ሰው ጉልበት ማጠፍ ያስቸግራል። ሙቀቱን የሚይዘው በመጥበቡ ስለሆነ ብዙ አላማርርም። ነገር ግን መታፈን የማትወዱ ሰዎች ከመግዛታችሁ በፊት ገብታችሁ ሞክሩት። ላባ ደግሞ አልፎ አልፎ በስፌቱ በኩል ሹል ብሎ ብቅ ይላል። አትንቀሉት። ከውጭ በኩል ጨርቁን ያዝ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ መልሱት።

ትልቁ ድካሙ ግን ውሃ ነው። መጋቢት ላይ መናገሻ ሱባ ጫካ ስናድር የበልግ ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ወረደ። የድንኳኑ ግድግዳ በትንፋሻችን ጭምር ረጥቦ ስለነበር የባጌ እግር በኩል ሲነካካው አደረ። ጠዋት ሳየው በሌላው ክፍል ላባው እንደተነፋ ነው። እግር በኩል ግን ሁለቱ ጨርቆች ተጣብቀዋል። በጣት ስጫነው ላባው እንደ ሊጥ እየተድቦለቦለ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይሄዳል። አጠገቤ የተኛችው ጓደኛዬ የሲንተቲክ፣ ማለትም በላባ ፈንታ ሰው ሠራሽ ጭረት የተሞላ፣ ባግ ነው ያላት። የእሷም እኩል ርሷል። ጨመቅ ጨመቅ አድርጋ አራገፈችው፣ ማታውኑ መልሳ ተኛችበት። የእኔ በጸሐይ እስከ ቀትር ድረስ ተሰጥቶ፣ ጉብታውን በእጄ እየፈታታሁ ነው የተመለሰው። ጸሐይ ባትወጣ ኖሮ ሁለተኛውን ሌሊት ባላደርኩበት። የእሷ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ቦርሳዋንም ግማሽ ያህል ይይዛል፣ ዋጋው ግን ከእኔው ግማሽ አይሞላም። በበልግና በክረምት ለሚወጣ ሰው፣ ወይም መኪና አጠገብ ለሚያድር፣ የምመክረው የእሷን ነው።

በበጋም ቢሆን እርጥበት ከራሳችን ገላ ይወጣል። አፍንጫና አፋችሁን ወደ ውስጥ አስገብታችሁ አትተንፍሱ፣ ብርዱ ቢያስገድዳችሁም። ጠዋት ከመጠቅለላችሁ በፊት ገልብጣችሁ ጸሐይ ላይ ዘርጉት። የደጋ ጸሐይ ቁርስ እስኪበላ ድረስ ያደርቀዋል።

ላንጋኖ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ዚፑን ሙሉ በሙሉ ከፍቼ እንደ ብርድ ልብስ ለበስኩት፣ እሱም ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ነው። አንሶላ ይበቃ ነበር።

ስለ አያያዙ። ቤት ውስጥ በትንሿ ከረጢቱ ታምቆ መቀመጥ የለበትም፤ ላባው ይደቅና መነፋቱን ይተዋል። እኔ ሰፊ የትራስ ልብስ ውስጥ ለቀቅ አድርጌ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። ለጉዞ ስትከቱት ደግሞ አትጠቅልሉት፣ ከእግሩ ጀምራችሁ እየጠቀጠቃችሁ አስገቡት። ሠፈራችን ያለው ልብስ ሰፊ ከስስ አቡጀዲ ገበር ሰፍቶልኛል። እሱን ከውስጥ አድርጌ ስለምተኛ ላብና ቅባት ላባው ጋ አይደርስም። ገበሩን ነው የማጥበው። ባጉን እስካሁን አላጠብኩትም፣ አንገቱ አካባቢ ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌዋለሁ። ማጠብ ግድ ሲሆን በሳፋ፣ ለላባ በተሠራ ወይም በጣም ለስላሳ በሆነ ሳሙና፣ ሳይጠመዘዝ ነው። ማድረቂያ ማሽን ያለው ላውንደሪ ካገኛችሁ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ሁለት ሦስት የቴኒስ ኳስ ጨምራችሁ አስደርቁት። ኳሶቹ ላባውን እየመቱ ይፈታቱታል። ሳይደርቅ ከተቀመጠ ይሸታል፣ ሽታውም አይለቅም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጡ ከሆነ ግን ቶሎ አትግዙ፣ ተከራዩ። ስትከራዩ ዘርግታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ብርሃን በሰፊው የሚያሳልፍ ቦታ ካለ እዚያ ላባው ሸሽቷል፣ ብርድም በዚያ ይገባል። ዚፑን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ክፈቱና ዝጉት። አሽትቱት። የራሳችሁን ገበር ይዛችሁ ሂዱ። ከውጭ በዘመድ የምታስመጡ ደግሞ ቁመታችሁንና ኮምፈርቱን በጽሑፍ ላኩላቸው። "ጥሩ ስሊፒንግ ባግ" ብቻ ካላችኋቸው በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አይተው ይገዙላችኋል።