«መጀመሪያ ውሃውን ልለካ» ላሉን የመሬት አማካሪ ምስጋና

ከወንድሜ ጋር የእርሻ መሬት ገዝተን ውሉን ከፈረምን ሳምንት ሆነን። አማካሪያችንን ግን እስካሁን በወጉ አላመሰገንናቸውም። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይወዱ እዚህም እንደምንጠራቸው «ጋሼ» ልበላቸው።

መሬቱን ገና እንዳየነው ልባችን ሄደ። የመስኖ ቦይ አለ፣ ጉድጓድ አለ፣ ከጀርባው ጫካ አለ። ሻጩ «ጉድጓዱ 20 ሄክታር ያጠጣል» አለን። ጋሼ ግን «ውሃውን ሳልለካ ቀብድ እንዳትከፍሉ» ብለው ያዙን።

200 ሊትር የሚይዝ በርሜል አስመጡ። ፓምፑ ሲነሳ በርሜሉ በ13 ሰከንድ ሞላ። ወንድሜ አጨበጨበ። ጋሼ ዝም አሉ። ፓምፑ ሳይጠፋ እንዲያድር አድርገው እሳቸውም መኪናቸው ውስጥ አደሩ። በየሰዓቱ እየተነሱ ውሃው የት ድረስ እንደወረደ በገመድ ይለካሉ። በማግስቱ ያው በርሜል ለመሙላት 25 ሰከንድ ፈጀ። በሰከንድ 8 ሊትር ማለት ነው።

ደብተራቸውን አውጥተው አሰሉልን። በደረቅ ወቅት ሰብል በቀን 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ሊፈልግ ይችላል፤ ይህ በሄክታር 60 ሜትር ኩብ ነው። ጉድጓዱ ሌት ተቀን ቢሠራ እንኳ በቀን የሚሰጠው 690 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ስለዚህ የሚበቃው ለ11 ሄክታር ብቻ ነው። ሻጩም አልዋሸንም፤ እሱ የለካው ፓምፑ እንደተነሳ ነበር። ልኬቱን ሲያይ ዋጋውን ቀነሰልን።

የውሃውን ጨዋማነትም አስመረመሩ። ጨው የበዛበት ውሃ ዓመት በዓመት መሬቱን ይጎዳዋል። የውሃ ፈቃዱ ወደ እኛ መዞሩንም በወረቀት አረጋገጡ፤ በብዙ አገር መሬት የገዛ ሁሉ ውሃውንም ገዛ ማለት አይደለም።

ወንድሜ አደን ነፍሱ ነው። መሬቱ የእኛ ከሆነ አውሬውም የእኛ ይመስለን ነበር። በብዙ ቦታ ግን ፈቃዱ፣ ወቅቱና የሚታደነው ብዛት በሕግ የተወሰነ ነው። ሻጩ ቀደም ብሎ የአደን መብቱን ለሌላ ሰው አከራይቶ እንዳይሆንም ጠየቁልን። እኛ ይህ በሐሳባችንም አልነበረም። ከዚያ ሊነጋጋ ሲል ይዘውን ወጡና ቦዩ ዳር ጭቃው ላይ የአጋዘን ዱካ አሳዩን። ዱካው ከጫካው ወጥቶ በቁጥቋጦው ውስጥ ወደ ውሃው ይወርዳል። «ይህን ቁጥቋጦ ከመነጠራችሁት አይመጡም» አሉን። አልነካነውም።

በተለይ የወደድኩላቸው አከፋፈላቸውን ነው። የሚቀበሉት የተቆረጠ የሥራ ዋጋ እንጂ ከሽያጩ ኮሚሽን አይደለም። «ይቅርባችሁ» ለማለት አይቸገሩም። ከዚህ መሬት በፊትም አንድ ቦታ አይተው አስቀርተውናል።

መሬት ልትገዙ ያሰባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ጋሼ፣ በርሜሉ አሁንም ፓምፑ ጎን ቆሟል። ከልብ እናመሰግናለን።